የአርሂባ ሙቀትና ነፍሰ ጡር ሠራተኞች

አቅራቢ፦ በጅቡቲ ከተማ በወደብ ሠራተኞች መኖሪያነቱ በሚታወቀው የአርሂባ ሰፈር፣ ካምሲን የተባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስ በሚበረታበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ወቅት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ የምትውል ነፍሰ ጡር ለድርቀት፣ ማለትም ለሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ ትጋለጣለች፤ ይህም ያለጊዜው የሚመጣ ምጥ ሊያስከትል ይችላል።

ተባባሪ አቅራቢ፦ እንዳሉት ነው፤ እጅግ የሚያሳዝነው ግን ከኢትዮጵያ ተሻግራ ያለ ውል የተቀጠረች የቤት ሠራተኛ ዕረፍት ብትጠይቅ ሥራዋን ልታጣ መቻሏ ነው።

አቅራቢ፦ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል።

ተባባሪ አቅራቢ፦ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም፣ ከድንበር ከተማዋ ከደወሌ ወዲያም አይሠራም፤ ስለዚህ አሠሪዎቿ ውሃ፣ ጥላና የሐኪም ቀጠሮ ሊነፍጓት አይገባም።