የኤሲ ሽቦ አሠራር፣ ከቡሬ ቁልቁል

አቅራቢ 1፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሲ ክፍል ደጅ ከሚቀመጠው ኮምፕረሰር ጋር በጋዝ ቱቦና በኤሌክትሪክ ገመድ ይያያዛል። ዝናብ የማይለያት ቡሬ ብዙም አትፈልገውም፤ መንገዱ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ግን ሙቀቱ ያስገድዳል።

አቅራቢ 2፦ ሥራው የሚጀመረው ብሬከር በማጥፋት ነው። በሪሞት ማጥፋት 220 ቮልቱን አያቋርጥም። ቴስተሩም ራሱ ይፈተሻል፦ መጀመሪያ ኃይል ባለው ሶኬት፣ ቀጥሎ በኤሲው ገመድ፣ ከዚያ እንደገና በሶኬቱ።

አቅራቢ 1፦ የውስጡና የደጁ ክፍል የሽቦ ማሰሪያ ቁጥሮች መመሳሰል አለባቸው፤ 1 ከ1፣ 2 ከ2። ቀለም ብቻ አይታመንም። ፌዝ በሁለቱ ክፍሎች መካከል መልእክት በሚያስተላልፈው ሽቦ ቦታ ከገባ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። የተላጠው መዳብ ከማሰሪያው ውጭ መታየት የለበትም፤ ከታሰረ በኋላ ሳብ ተደርጎ ይሞከራል።

አቅራቢ 2፦ በብዛት የሚዘለለው ግን ግራውንድ ነው። ባለሁለት ሽቦ በሆኑ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ የግራውንድ ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው ባዶ ሊሆን ይችላል። ያለ ግራውንድ ኤሲ መስቀል ድፍረት እንጂ ሙያ አይደለም።

አቅራቢ 1፦ መስመሩስ?

አቅራቢ 2፦ ለብቻው ከብሬከር ሳጥኑ ይመጣል፤ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ አይሰካም። 12,000 ቢቲዩ ላለው በተለምዶ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃል፤ የአምራቹ መመሪያ ግን ይቀድማል።

አቅራቢ 1፦ ገመዱ ከደጅ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ታች ታጥፎ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዝናቡ ውኃ ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ይገጠማል።