ስንት ቡድን ይበቃናል?
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ተማሪ ሳለን የስታትስቲክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ከኋላ ተቀምጠን እናንቀላፋ ነበር። ዛሬ ያንን ዕዳ ልክፈል ብዬ ነው የመጣሁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት የስኳር ክትትል ክሊኒክ ከቀጠሮ የሚቀሩ ሕመምተኞች በዙብን። አንድ ወጣት ባልደረባችን "ነጋዴዎች ደንበኞቻቸውን በክላስተር ትንተና ይከፋፍሉ የለ? እኛስ?" አለ። ዕድሜ፣ የመኖሪያ ርቀት፣ የቀሩበትን ቀጠሮ ብዛት፣ የመድኃኒት ወጪያቸውን አስገባን። ኬ-ሚንስ የሚባለው ዘዴ ግን የቡድኑን ቁጥር ከእኛ ነው የሚጠብቀው። 3 ስትሉት 3፣ 9 ስትሉት 9 ያወጣል፤ እውነተኛ ቡድን ባይኖርም ይከፋፍላል።

ስለዚህ ሲልዌት የተባለውን መለኪያ አየን። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ቡድንና ለጎረቤት ቡድን ያለውን ቅርበት አነጻጽሮ ከነጌቲቭ 1 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል። ከፍተኛውን ያገኘው 2 ነበር፦ የሚመጡና የሚቀሩ። ደስ አለን። ለሚቀሩት ሁሉ እየደወልን ማስታወስ ጀመርን። ምንም ለውጥ የለም።

አንድ ቀን አንዲት እናት እግራቸው ቆስሎ፣ በጣም ዘግይተው መጡ። "እማማ፣ ስንቴ ደወልንልዎ!" ብዬ ተቆጣሁ። "ልጄ፣ ቀኑ መች ጠፋኝ፤ የመሳፈሪያው ነው እንጂ" አሉኝ። ጣታቸውን ማትረፍ አልቻልንም።

በ4 ከፋፈልነው። ነጥቡ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ነገር ግን "የሚቀሩ" ያልናቸው ተለያዩ፦ ከሩቅ የሚመጡ፣ መድኃኒት መግዣ ያጡ፣ ሥራ ያልለቀቃቸው ወጣቶች። ለሩቆቹ የ3 ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ጀመርን። 5ም ሞክረን ነበር። መረጃውን ለሁለት ከፍለን ስንደግመው ግን አምስተኛው ቡድን ጠፋ፤ ተውነው።

በ2018 የስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው 8,980 አዲስ የስኳር ሕመምተኞችን በ5 ቡድን ከፍለው አሳተሙ። ቁጥሩን ያስከበረው ነጥቡ ብቻ አይደለም። በሌሎች ሕመምተኞች ላይ ደግመው አግኝተውታል፤ አንዱ ቡድን ለኩላሊት፣ ሌላው ለዓይን ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

መምህራኖቻችን፣ ለተማሪዎቻችሁ ከነጥቡ ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ አስተምሩልን። ሲደገም ይገኛል ወይ? ለየቡድኑ የምናደርገውስ ይለያያል ወይ? እኔ ሁለተኛውን ሳልጠይቅ ነው እኚያን እናት የተቆጣሁት።