ስለ ጨጓራ ምርመራ፦ ሻይም እንደ ቁርስ ይቆጠራል
(በክሊኒኩ ግቢ ለካምፑ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ሐኪሞች ኢንዶስኮፒ ስለሚሉት ምርመራ ነው። እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሪፈር የተጻፈላቸውን ሰዎች ለማስተርጎም አብረን ስለምንሄድ ያየነውን እንነግራችኋለን። በቅድሚያ ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

አንዲት እናት ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተላኩ። ነርሷ «በባዶ ሆድ ይምጡ» ስትል እኛ «ቁርስ እንዳይበሉ» ብለን ተረጎምን። እሳቸውም አልበሉም፤ ሻይ በወተት ብቻ ጠጡ። በዚህ ምክንያት ተራቸው አለፈ፣ ሌላ ቀጠሮ እስኪደርስም ሳምንታት ጠበቁ። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ወይም ወተት ካለ ቁስሉ አይታይም፤ ሲያስመልስም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። «እንደ ቁርባን ጾም፣ እንደ ረመዳን ቀን» ብንላቸው ኖሮ ወዲያው ይገባቸው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ከ6 እስከ 8 ሰዓት መጾም ነው። ውሃና የዘወትር መድኃኒት ይፈቀድ እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

«10 ደቂቃ ለማይሞላ ምርመራ ይህን ያህል መጠበቅ ለምን?» የምትሉ አላችሁ። መሣሪያው ውድ ስለሆነ አንድ ብቻ ያለው ሆስፒታል ብዙ ነው። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ የውስጡ ቀዳዳ በብሩሽ ይታጠባል፣ በጀርም መግደያ ይዘፈዘፋል፣ ይለቀለቃል፤ ይህ ከምርመራው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ቢቸኮል የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ቱቦውም ከተነከሰ ይበላሻል፤ በጥርስ መካከል ፕላስቲክ የሚደረገው ለዚህ ነው።

አያስቸግርም ብለን አንዋሽም፤ ያቅለሸልሻል። ጉሮሮ በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፣ በግራ ጎን ይተኛሉ። ቱቦው የሚገባው በምግብ መውረጃ ስለሆነ መተንፈስ አይከለክልም።

ጨጓራዬን ያለ ሁሉ ይህ ምርመራ አያስፈልገውም። ዋረንና ማርሻል የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ያገኙት ባክቴሪያ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒትም ይድናል። ምግብ ጉሮሮው ላይ የሚቀርበት፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ሰገራው የሚጠቁር ሰው ግን ሳይዘገይ ለሐኪም ይንገር። እኚያ እናት በሁለተኛው ቀጠሮ ሲታዩ ቁስል ተገኘባቸው። ለጉልበታቸው ከሱቅ እየገዙ ዲክሎፌናክ ሲውጡ ከርመው ነበር፤ ይህንንም ቀደም ብለን አልጠየቅናቸውም።

ሪፈር የያዛችሁ በቀጠሮው ዋዜማ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ በሉ፤ ወረቀቱን አብረን እናነባለን። ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ግን ቀጠሮም እኛንም አይጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ክሊኒኩ ውሰዱት።