ሥራን ለሰው አደራ መስጠት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አደራ ነው። አደራ ሲባል ገንዘብ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። ሥራም አደራ ይሰጣል።

ጨንቻን እናስብ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ በብርዳሙ የጋሞ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። አካባቢው የሸማኔ አገር ነው። ብዙዎቹ ሸማኔዎች አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄደው ይሠራሉ። ታዲያ ሰውየው ሲሄድ እንሰቱስ? ገብሱስ? ለባለቤቱ፣ ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ ይተዋል። ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መገኘት አይቻልማ!

ገብስ ቢበላሽ በዓመቱ ይታወቃል። እንሰት ግን እንዲህ አይደለም። በደጋ ለመድረስ አምስት፣ ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አደራ ተቀባዩ ያልደረሰውን እየቆረጠ ቢበላ፣ በምትኩም ችግኝ ባይተክል፣ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቢቆጡ ምን ይረባል? ስለዚህ «እንሰቴን አደራ» ብሎ መሄድ አይበቃም። ስንት እግር አለ? የትኛው ዘንድሮ ይቆረጣል? በተቆረጠው ፋንታ ስንት ይተከላል? ከመንገድ በፊት አብሮ እየዞሩ መቁጠር ነው።

አደራው ለባለቤት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምታብላላው እሷ ናት። ከባልየው ይልቅ ታውቃለች። ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ «ይህን ቁረጪ፣ ያንን ተዪ» የሚል ባል ሥራ ያበላሻል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይባል የለም? እሱ ይጠይቅ እንጂ አይዘዝ።

አሁን ወደ ሸማው እንምጣ። ትእዛዝ የበዛበት ሸማኔ ፈትሉን ለሌላ ሸማኔ ሰጥቶ ያሠራል። አንዳንዱ ታዲያ ቀኑን ሙሉ ከሠሪው ራስ ላይ ቆሞ «ድሩ ላላ፣ ማጉ ጠበቀ» ይላል። እንዲህ ከሆነ ለምን ራሱ አይሠራውም? ሌላው ደግሞ ፈትሉን ሰጥቶ እስከ በዓል ዋዜማ ዘወር ብሎ አያይም። ሁለቱም አልሆነም። የሸማው ወርድ የሚወሰነው ድሩ ሲዘረጋ ነው። መወርወሪያው ከተወረወረ በኋላ ወርዱን ላስፋ ቢሉ አይሆንም። እንግዲያው ድሩ ሲዘረጋ አንድ ጊዜ እዩ። የመጀመሪያው ክንድ ሲሠራ ደግማችሁ እዩ። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ለሥራው ተዉት።

ይህ ለጋሞ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። በጋሞ ባህል ሀላቃ የሚባል ሹም አለ። የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ሕዝቡ ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ተሰብስቦ ይወያያል፤ ሀላቃው የተወሰነውን ያስፈጽማል። ሹመቱ ክብር ነው፤ ነገር ግን ዱቡሻው አይኑን ከእሱ ላይ አያነሳም።

አሁን ስለ ጽሕፈት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ብዙ ሰው ደብዳቤውን በሌላ ሰው ያስጽፍ፣ በሌላ ሰው ያስነብብ ነበር። ስለዚህ አደራው ሦስተኛ ሰው ይገባበታል፤ የቤት ምስጢርም ደጅ ይወጣል። እናንተ ግን ዛሬ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ስልክ አለ ትሉ ይሆናል። አለ፤ ግን በስልክ የተባለውን አንዱ «ብያለሁ»፣ ሌላው «አላልክም» ይላል። ስንቱ ወንድማማች በዚህ ተኳርፎ ቀርቷል!

ፈትል ስትሰጡ መዝኑና ጻፉ። ቀኑን፣ ክብደቱን፣ የሸማውን ርዝመትና ወርድ፣ የሚደርስበትን ቀን ጻፉ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የእናንተም ግዴታ በዚያው ወረቀት ላይ ይግባ። የእጅ ዋጋው ስንት ነው? መቼ ይከፈላል? ፈትሉ ቢያንስ ማን ይጨምራል? ወረቀቱን በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንዱ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ፣ ሌላውን ለሠሪው ስጡት። ማንበብ ገና የሚማር ከሆነም፣ ከመፈረሙ በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።