የማናውቀውን መልአክ እንሞክረው!

(በፊልም ወዳጆች ውይይት ላይ ከቀረበ ንግግር)



አበው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላሉ። ለንግድ፣ ለጎረቤት፣ ለትዳርም ይሠራ ይሆናል። ለፊልም ፌስቲቫል ግን አይሠራም። እንዲያውም ፌስቲቫልን የሚገድለው ይኸው አባባል ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ልብ በሉ። የፌስቲቫል ፕሮግራም እጃችን ሲገባ ዓይናችን ወዴት ይሮጣል? ስሙ ወደ ገነነ ተዋናይ፣ ወሬው ቀድሞ ወደ ደረሰን ፊልም! ሰልፉም ግፊያውም እዚያው ነው። ያ ፊልም እኮ ዛሬ ቢያመልጠን ነገ ሲኒማ ቤት ይመጣል፤ እሱ ቢቀር በቴሌቪዥን፣ እሱም ባይሆን በእጅ ስልካችን ይደርሰናል። ስሙን ሰምተን የማናውቀው ፊልም ግን አንዴ ወይም ሁለቴ ታይቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ያመለጠን እንደሆነ አመለጠን!

ታሪክ ልጥቀስ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ራሾሞን» የተባለው የጃፓን ፊልም በ1950 ሲወጣ ያሠራው ኩባንያ እንኳ ብዙም አልተደሰተበትም። ቶኪዮ ትሠራ የነበረች ጁሊያና ስትራሚጆሊ የተባለች ጣሊያናዊት ግን አየችው፣ ወደደችው፣ «ቬኒስ ፌስቲቫል ይላክ» አለች። ዳይሬክተሩ አኪራ ኩሮሳዋ መላኩን እንኳ አያውቅም ነበር! በ1951 ፊልሙ የቬኒስን ታላቅ ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ይዞ ተመለሰ። የምዕራቡ ዓለም የጃፓንን ሲኒማ ከልቡ መመልከት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሴትዮዋ ዝም ብትልስ ኖሮ?

ወደ ራሳችን እንምጣ። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» በ1993 በርሊን ላይ ለውድድር ቀረበ። ይሁን እንጂ ስለ ባርነት የሚናገረውን ይህን ፊልም አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍል ኩባንያ ጠፋ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ያየው ላላየው እየነገረ ፊልሙ ከከተማ ከተማ ተሻገረ። ያንን ፊልም ያዳነው ማን ነው? ኩባንያ ሳይሆን ትኬት ቆርጦ የገባ ተራ ተመልካች ነው።

በ2014 ደግሞ ስለ ጠለፋ የሚናገረው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ሰንዳንስ ላይ በዓለም ሲኒማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። አማርኛ የማይሰማ ሰው፣ ከሥር የተጻፈውን ትርጉም እያነበበ፣ የእኛን ታሪክ መረጠ። ያን ቀን ደስ ብሎናል፤ ኮርተናልም። ታዲያ እኛስ? የሴኔጋል፣ የቡርኪና ፋሶ ወይም የኢራን ፊልም ሲመጣ ወንበሩ ለምን ባዶ ይሆናል? ሌላው እንዲያየን የምንፈልገውን ያህል ሌላውን ለማየት እንፈልጋለን ወይ?

አልዋሻችሁም፤ ያልታወቀ ሁሉ ዕንቁ አይደለም። የሚያስተኛም አለ፣ ጅምሩ አምሮ መጨረሻው የሚጠፋበትም አለ። ግን ኪሳራው ምንድነው? የአንድ ትኬት ዋጋና ሁለት ሰዓት! ስሙ በገነነው ፊልምስ ስንት ጊዜ ተታለናል?

ዘዴው ቀላል ነው። ከሦስት ትኬት አንዱን ለማታውቁት ፊልም ስጡ። ተዋናዩን ትታችሁ ዳይሬክተሩን፣ አገሩንና የያዘውን ጉዳይ አንብቡ። ዳይሬክተሩ የሚገኝበት ትዕይንት ካለ ቅድሚያ ስጡት፤ ያልገባችሁን ፊት ለፊት ትጠይቁታላችሁ። ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው «ትናንት ምን አየህ?» በሉት። ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ የሚታመነው እሱ ነው። የወደዳችሁትን ደግሞ ለሰው ንገሩ፤ ትንሹ ፊልም ሌላ ጧሪ የለውም።

ምን ማየት እንዳለብን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ከመረጠልን፣ ዓይናችን የእኛ መሆኑ ምኑ ላይ ነው?