ለፀጉር ሥራ የሚሆን የመጀመሪያ ካሜራ አመራረጥ
በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ሁኔታ



ከእጅ ሥራ ውጤቶች መካከል እንደ ሹሩባ ዕድሜው አጭር የሆነ ጥቂት ነው። ሸማኔ የጣለው ጥለት ለዓመታት ይለበሳል፤ አንጥረኛ የሠራው መስቀል ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ያሠሩት ሹሩባ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተፈትቶ ሌላ ይተካበታል። ሠሪዋም ሙያዋን የምታስመሰክረው ደንበኛዋ በገበያና በሠርግ ቤት በምትታይባቸው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ነው። ይህን ችግር ፎቶግራፍ ሊያቃልለው ይችላል። ስለዚህ በወልድያ፣ በመርሳና በሌሎቹም የሐብሩ ወረዳ ትንንሽ ከተሞች የፀጉር ቤት የከፈቱ ወጣቶች «ለመጀመሪያ የሚሆነው ካሜራ የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚያስደንቅ አይደለም።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ወልድያ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በጦርነቱ ተይዛ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በቆየችበት ጊዜ በአካባቢው ብዙ የንግድ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የኤሌክትሪክ መብራትም ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን፣ መስተዋቱንና ካስኩን እንደገና አሟልቶ ሥራ ለጀመረ ሰው ለካሜራ የሚወጣው ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከዕለት ጉርስ ላይ ተቀንሶ የሚጠራቀም ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ በማስታወቂያ ብርታት ወይም በሻጭ ምላስ ሊወሰን አይገባም። ስለዚህ ካሜራው ከመመረጡ በፊት ሦስት ነገሮች መመርመር አለባቸው፤ እነርሱም የፀጉሩ ቅርጽ የሚጠይቀው ርቀት፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃንና የባለ ፀጉሯ ፈቃድ ናቸው።

ስለ ርቀት

የሰው ራስ ከግንባር እስከ ማጅራት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ካሜራው ከግንባር 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ከማጅራት የሚኖረው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህም ምክንያት በኋላ በኩል ያለው ጉንጉን በፊት ካለው ጋር እኩል ውፍረት ቢኖረው እንኳ በሥዕሉ ላይ የሚታየው በሁለት ሦስተኛ መጠን ነው። ግንባርና አፍንጫ ይገዝፋሉ፤ በጥንቃቄ እኩል የተከፈለው መስመር የተዛባ ይመስላል፤ ጥፋቱም የሠሪዋ ሆኖ ይቆጠራል። ካሜራው 2 ሜትር ቢርቅ ግን ንጽጽሩ 200 ለ220 ስለሚሆን ልዩነቱ ከመቶ 9 ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያው ደንብ ካሜራው የትኛውም ይሁን ወደ 2 ሜትር ርቆ መቆም ነው።

የእጅ ስልክ ድክመቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ቦታ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ከ2 ሜትር ርቀት በቁመቱ 2 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። ለራስና ለትከሻ የሚያስፈልገው 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሥዕሉ ቁመት ለሥራ የሚውለው ሲሶው ብቻ ነው። ባለ 12 ሚሊዮን ነጥብ ስልክ በረጅሙ በኩል 4,000 ነጥብ አለው፤ ሲሶው 1,300 ነጥብ ያህል ይሆናል። በዚህ ስሌት 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ቀጭን ሹሩባ የሚደርሰው 4 ነጥብ ነው። በአንጻሩ በ2010 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበውን ካኖን ኢኦኤስ 2000ዲን የመሰለ ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ የጀማሪ ካሜራ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢገጠምለት፣ ከዚያው ርቀት 90 ሳንቲ ሜትሩን በ6,000 ነጥብ ይይዘዋል፤ ለዚያው ሹሩባም 20 ነጥብ ይደርሰዋል። አራት ነጥብ ሹሩባ መኖሩን ያሳያል፤ ሃያ ነጥብ አጎነጓጎኑን ያሳያል። በመሆኑም ለስልክ መስኮት ብቻ ለሚታይ ሥዕል ስልኩ ይበቃል፤ በተለይም ሩቁን የሚያቀርብ ተጨማሪ ሌንስ ካለው ልዩነቱ ይጠባል። በትልቁ ታትሞ ከግድግዳ ለሚሰቀል ሥዕል ግን ካሜራው ብልጫ አለው።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። ካሜራው ከተለመደው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ሲሸጥ ብዙ ሰዎች «በዚህ ላይ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሌላ ሌንስ መግዛት ግድ ነው» ይላሉ። የሌንሱ ቀዳዳ በሰፋ መጠን ብርሃን ይበዛል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ግን ይቀንሳል። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በ1.8 ቀዳዳ ከ2 ሜትር ርቀት ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ጥልቀት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የራስ ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የጉንጉኑ እኩሌታ ደብዝዞ ይቀራል ማለት ነው። በ5.6 ቀዳዳ ግን ጥልቀቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። የተለመደው ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ የሚሰጠው ቀዳዳ ይኸው 5.6 ነው። ስለዚህ ለፀጉር ሥራ ሁለተኛ ሌንስ ለመግዛት የሚያጣድፍ ምክንያት የለም፤ ገንዘቡ ካሜራውን ለሚያጸና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ቢውል ይሻላል።

ስለ ብርሃን

ጥቁር ፀጉር አብዛኛውን ብርሃን ይውጣል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ደግሞ የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት የተሠራ በመሆኑ ሥዕሉን በፀጉር ሲሞላው ጥቁሩን ወደ ግራጫ ይለውጠዋል፤ ከኋላ ነጭ ግድግዳ ሲኖር ደግሞ በተቃራኒው ፀጉሩን አጨልሞ ጉንጉኑን ያጠፋዋል። መፍትሔው ከኋላ አመድማ ወይም የሸክላ መልክ ያለው፣ የማያብለጨልጭ ጨርቅ መስቀልና የብርሃኑን መጠን በእጅ ማስተካከል ነው። ስለሆነም የሚገዛው ካሜራ ብርሃንን በእጅ ለመጨመርና ለመቀነስ የሚያስችል መሆን አለበት። ከካሜራው ጋር የተያያዘው ፍላሽ ግን ቅቤ ወይም ቅባት በነካው ፀጉር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ስለሚፈጥር ባይበራ ይመረጣል።

የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ በመሆኑ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን ይህን አያስተውልም፤ ካሜራ ግን በሥዕሉ ላይ ጥላ መሰል መስመር አድርጎ ይመዘግበዋል። መዝጊያው በሴኮንድ 1/50 ወይም 1/100 ሲደረግ ችግሩ ይወገዳል። ከአምፖል ይልቅ ግን የበርና የመስኮት ብርሃን ይሻላል፤ ክፍያም የለው፤ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም። ደንበኛዋ በበሩ ጎን በጥላው ውስጥ ትቀመጣለች፤ በማዶዋ ነጭ ጋቢ ቢሰቀል ብርሃኑን መልሶ ጨለማውን ጎን ያፈካዋል።

በአውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት ለሥዕል የሚስማማው ወደ ሰሜን የሚመለከት መስኮት ነው ይላሉ። ወልድያ የምትገኘው በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ይህ ምክር በዚህ አገር የሚሠራው ለዓመቱ ከፊል ብቻ ነው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የሰሜኑ በር ጥላ ነው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ፀሐይ ራሷ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ዋናው መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚዘልቅበት ስፍራ ደግሞ ሱቆቹ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ለሆነ ቤት የሚስማማው ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ ለሆነው የሚስማማው ጧት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የነሐሴ 16 ሰሞን ነው። በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ እየተባለ በሚጠራው በዚህ የልጃገረዶች በዓል ሹሩባ በብዛት ይሠራል፤ የፎቶግራፍ ፍላጎቱም ይበረታል። ታዲያ ፀሐይ በወልድያ አናት ላይ ቀጥ ብላ ከምትቆምባቸው የዓመቱ ሁለት ጊዜያት አንደኛው ከዚሁ ቀን ጋር ይገጥማል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ከቤት ውጭ የሚነሣ ሥዕል አናትን ያነጣዋል፤ ዓይንንም በጥላ ይሸፍናል። ደመና ካለ ብርሃኑ ይለሰልሳል፤ ከሌለ ግን ጧት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ማንሣት ይገባል።

ስለ ፈቃድ

የሴቶች ፀጉር ቤት ከሌሎች የንግድ ቤቶች የሚለይበት ነገር አለ። ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ባለበት በሐብሩ፣ በጎዳና ላይ ፀጉሯን የምትሸፍን ሴት ሻሿን የምታወልቀው በቤቱ ውስጥ ወንድ እንደማይገባ አምና ነው። ፎቶግራፍ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የታየውን ከክፍሉ ያወጣዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይህ ለክርስቲያኗም ለሙስሊሟም፣ ለከተሜዋም ለገጠሬዋም እኩል የሚጸና ነው።

ይህ ጉዳይ ከካሜራ ምርጫ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ስልክ ከመረብ ጋር የተገናኘ መሣሪያ ነው፤ የተነሣውን ሥዕል ባለቤቱ ሳያስተውል ወደ ሩቅ ማከማቻ ሊገለብጥ ይችላል፤ ደግሞም ለጓደኛ ይዋሳል፤ ለጥገና ይሰጣል፤ ይሸጣል፤ ይጠፋል። ካሜራ ግን ሥዕሉን በካርድ ላይ ያኖረዋል፤ ካርዱም ወጥቶ በመሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። ካሜራው ገመድ አልባ መገናኛ ቢኖረው እንኳ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የተለየ ካሜራ ከነጥቡ ብዛት ይልቅ የሚያስመሰግነው ይህ ነው፤ አደራ ለመጠበቅ ይመቻል።

ፈቃዱም የሚጠየቀው ደንበኛዋ ከመቀመጧ በፊት እንጂ ሥራው አልቆ ልትነሣ ስትል አይደለም። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሥዕሉ ለሠሪዋ መዝገብ እንዲቀመጥ፣ ሁለተኛው ለሌሎች እንዲታይ ትፈቅድ እንደሆነ ነው። ለአንዱ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አያገለግልም። ልጃገረዷ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ከሆነች ወላጅ ይጠየቃል። እምቢ ያለችውም ሴት በዋጋም በመስተንግዶም ልዩነት ሊደረግባት አይገባም።

ፊት የማይታይበት ሥዕል ዋጋ የለውም የሚል ቢኖር የናይጄሪያዊውን ፎቶግራፍ አንሺ የጄ. ዲ. ኦክሃይ ኦጀይኬሬን ሥራ ይመልከት። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930 ተወልዶ በ2014 ያረፈ ሲሆን፣ ከ1968 ጀምሮ የአገሩን ሴቶች አንድ ሺህ ያህል የፀጉር አሠራር በጥቁርና ነጭ መዝግቧል። አብዛኛውን ያነሣው ከኋላ ወይም ከጎን ነው፤ በዚህም ጉንጉኑ እንደ ሐውልት ጎልቶ ይታያል። ሙያውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ፍላሽ እንኳ ባልነበረው ቀላል ብራውኒ ካሜራ መሆኑም ለጀማሪ የሚያጽናና ነው።

ስለ ግዢው

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል የሚከተለው ቅደም ተከተል ይገኛል። በመጀመሪያ በእጅ ባለው ስልክ፣ በመቆሚያ፣ በበር ብርሃንና በነጭ ጋቢ ለጥቂት ወራት መሥራት ይገባል። በዚህ ጊዜ ደንበኞች ሥዕሉን ይወዱት እንደሆነ፣ ስንቶቹ እንደሚፈቅዱና ገቢ ያመጣ እንደሆነ ይታወቃል። ካላመጣ የጠፋ ገንዘብ የለም። ካመጣ ሌንሱ የሚለዋወጥ የጀማሪ ካሜራ ከተለመደው ሌንሱ ጋር ይገዛል፤ ያገለገለም ቢሆን ይበቃል።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ አራት ነገር ይፈተሻል። አንደኛ፣ ስንት ጊዜ እንዳነሣ ይጠየቃል፤ የዚህ ደረጃ ካሜራ መዝጊያ ብዙውን ጊዜ ለ100,000 ምት ያህል የታሰበ ነው። በቀን 10 ደንበኛ ለእያንዳንዷ 4 ሥዕል ቢነሣ፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን 12,000 ስለሚሆን አዲሱ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለግላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሌንሱ ወደ ብርሃን ተይዞ ሻጋታ እንደሌለው ይታያል። ሦስተኛ፣ ቀዳዳውን አጥብቦ ነጭ ግድግዳ በማንሣት በውስጥ አቧራ መኖሩ ይመረመራል። አራተኛ፣ ባትሪው ይሞከራል፤ ለምሳሌ የካኖን 2000ዲ ባትሪ ሲሞላ ወደ 500 ሥዕል እንዲያነሣ የታሰበ ነው፤ ይህም መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለቀናት ያሠራል። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅም ባትሪው፣ ቻርጀሩና ካርዱ በቀላሉ የማይተካ ካሜራ በርካሽ ቢገኝ እንኳ ቢተው ይመረጣል።

በመጨረሻም ካሜራው ከተገዛ በኋላ አንድ ደብተር በአጠገቡ ይቀመጥ። በእርሱ ላይ ቀኑ፣ የሹሩባው ስም፣ ለመሥራት የወሰደው ሰዓትና ባለቤቷ የሰጠችው ፈቃድ ይጻፍ። ስሙ ያልተጻፈ ሹሩባ ሥዕሉ ቢኖርም ከዓመታት በኋላ ምን ይባል እንደነበረ የሚናገር አይገኝለትም። በዚህ ዓይነት የተያዘ መዝገብ ለሠሪዋ የገበያ መሣሪያ ይሆናታል፤ ለሚቀጥሉት ሹሩባ ሠሪዎችም የእናቶቻቸውን አጎነጓጎን የሚማሩበት መጽሐፍ ይሆናል።