ዕቅዴ ተለወጠ፤ እኔና ልጄ ግን በሰላም ተገናኘን

(ከዚህ በታች የቀረበው በካኩማ ካምፕ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ የውይይት ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር ነው። ተናጋሪዋ ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃለች።)



እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የሴት ምጥ በአደባባይ የሚወራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከእናንተ መካከል ለአንዷ እንኳ ቢጠቅም ብዬ ሁለተኛዋን ልጄን እንዴት እንደወለድኩ ልነግራችሁ ቆሜያለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚሁ ካምፕ፣ በቤቴ ውስጥ ነበር። በአገር ቤት ብዙ ሴቶችን ያዋለዱ አንዲት ጎረቤቴ አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ወገቤን ደግፈው ይዘውኝ፣ ተንበርክኬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተገላገልኩ። ስለዚህ ሁለተኛዋን ሳረግዝ ዕቅዴ የታወቀ ነበር። በክትትል ክሊኒኩ ነርሷ "የት ለመውለድ አስበሻል?" ብላ ስትጠይቀኝ ሳላመነታ መለስኩላት። በቤቴ እወልዳለሁ። እማማ ያዋልዱኛል። ወንድ አያየኝም። መርፌም ምላጭም አይነካኝም። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል።

ነርሷ አልተቆጣችኝም። "ሰምቻለሁ። ግን ነገሩ እንዳሰብሽው ባይሆን ወደ ሆስፒታል ማን ይወስድሻል? ትልቁ ልጅሽስ ማን ዘንድ ይቆያል?" አለችኝ። ክፉ ነገር መጥራት መስሎኝ ዝም አልኩ።

ሆስፒታል የፈራሁት በከንቱ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ በአገራችን አክስቴ በምጥ ላይ እያለች ድንገት ተንዘፍዝፋ ወደቀች። ጋኔን ለከፋት ተባለ። ጠበል ተረጨች፣ ቀኑም መሸ። በማግስቱ በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሆስፒታል ማለት የማይመለሱበት ቦታ ነበር። እኔም ይህን ፍርሃት ይዤ አድጌ ይዤው ተሰደድኩ።

ዘጠነኛ ወሬ እንደገባ ራሴን ያመኝ ጀመር። የካኩማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ የፀሐዩ ነው አልኩ። እግሬ አበጠ፣ ፊቴም ጠዋት ጠዋት ያብጥ ነበር። እማማ አይተውኝ "ምች ነው" አሉ። ዳማ ከሴ ስላልተገኘ ዝንጅብል አፍልተው ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ታየኝ፣ ከጎድኔ በታችም አጥብቆ ያመኝ ጀመር። በዚያን ሰዓት የብሎካችን የጤና ሠራተኛ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ቤት ለቤት ስትዞር ደረሰች። ሁኔታዬን ስነግራት እንኳ አልተቀመጠችም። "እህቴ፣ ይህ ምች አይደለም። አሁኑኑ ተነሺ" አለችኝና ለአምቡላንስ ደወለች።

ነርሷ የጠየቀችኝ ጥያቄ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ልጄን ማን እንደሚይዝ አልተነጋገርንም ነበር። በጥድፊያ፣ ጫማ እንኳ ሳናደርግለት፣ በሩ ላይ ላገኘናት ጎረቤት አስረክበነው ሄድን።

በካምፑ ሆስፒታል ግፊቴ ሲለካ 170 በ110 ሆነ። 140 በ90 ሲደርስ እንኳ ለነፍሰ ጡር ከፍተኛ እንደሚባል በኋላ ተማርኩ። ሽንቴም ተመርምሮ ፕሮቲን ተገኘበት። ሐኪሙ ወንድ ነበር፣ ኬንያዊ ክሊኒካል ኦፊሰር። ባለቤቴ ስዋሂሊ ይሞክራል፤ ነገር ግን ለገበያ የተማሩት ስዋሂሊ ስለ ሴት አካል ለመነጋገር አይበቃም። ሐኪሙ ይህን አይቶ አስተርጓሚ አስፈለገ። አማርኛም ስዋሂሊም የምትችል አንዲት የኦሮሞ እህታችን መጣች።

በእርሷ በኩል እንዲህ አለኝ፦ "ያለብሽ ፕሪ ኤክላምፕሲያ የሚባል በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ ነው። ካልታከመ ያንዘፈዝፋል፤ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። የሚያድነው ልጁ ሲወለድ ነው። ልጅሽ ደግሞ ለመወለድ ደርሷል። ስለዚህ እንዳትንዘፈዘፊ መርፌ እንሰጥሻለን፤ ከዚያም ምጥ በመድኃኒት እናስጀምራለን።"

"እንቢ" አልኩ። የአክስቴንም ነገር እያለቀስኩ ነገርኩት።

ሐኪሙ በርጩማ ስቦ ከአጠገቤ ተቀመጠ። "አክስትሽን የወሰዳት ይኸው በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ሆስፒታሉ አይደለም የገደላት፤ የደረሰችው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። አንቺ ግን በጊዜ ደርሰሻል" አለኝ። እህቶቼ፣ ያን ዕለት አንድ የዘመናት ሸክም ከትከሻዬ ወረደ። አክስቴን ጋኔን አልለከፋትም ነበር። ያላወቅንላት በሽታ ነበረባት።

ቀጥሎም ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ። "ካሰብሽው ሁሉ የትኛው እንዳይቀርብሽ ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። ሦስት ነገር አልኩ። አንደኛ፣ እማማ ከአጠገቤ አይለዩ። ሁለተኛ፣ ከመንካታችሁ በፊት የምታደርጉትን ንገሩኝ። ሦስተኛ፣ ልጄን መጀመሪያ እኔ ልቀፋት። "የምንችለውን እናደርጋለን። ከግሉኮሱና ከግፊቱ የተነሣ መንበርከክ ግን አትችይም፤ በጎንሽ ትተኛለሽ" አለኝ። የማይችለውን ፊት ለፊት ስለነገረኝ የሚችለውን አመንኩት።

መርፌው ማግኒዥየም ሰልፌት ይባላል። አልዋሻችሁም፣ ያቃጥላል፤ ሰውነቴ እንደ ምድጃ ጋለ። ነገር ግን እንደሚያቃጥል አስቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም። ነርሶቹ ትንፋሼን ይቆጥሩ ነበር፣ ሽንቴን ይለኩ ነበር፣ ጉልበቴንም በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርጉ ነበር፤ መድኃኒቱ እንዳይበዛብኝ የሚያውቁት በዚህ ነው። ይህ መድኃኒት በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች ላይ ተፈትኖ፣ የመንዘፍዘፍን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2002 መታወቁን በኋላ ተረዳሁ። አክስቴ በዚያን ጊዜ አላገኘችውም። እኔ አገኘሁት።

ሌሊቱን ምጥ ጀመረኝ። እማማ ወገቤን እያሹ "ማርያም፣ ማርያም" ሲሉ አደሩ። ማንም አላስወጣቸውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሴት ስትወልድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ይመክራል። ስለዚህ እህቶቼ፣ "የምትደግፈኝ ሰው ትግባልኝ" ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር አይደለም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ሆዴን ስታዳምጥ ፊቷ ተለወጠ። ደግማ አዳመጠች፤ ሐኪሙንም ጠራች። የልጁ የልብ ምት ቀንሷል፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ። ከዕቅዴ የቀረችው "ምላጭ አይነካኝም" ያልኳት ነበረች፤ እርሷም ሄደች። ጊዜ አልነበረም፤ ሆኖም አስተርጓሚዋ በአጭሩ አስረዳችኝና በራሴ እጅ ፈረምኩ።

እማማ ከኦፕራሲዮኑ ክፍል በር አልፈው መግባት አልቻሉም። አስተርጓሚዋን ግን ቆብና ጋውን አልብሰው አስገቧት፤ እጄን ይዛ የሚደረገውን ሁሉ በጆሮዬ ትነግረኝ ነበር። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ እንጂ አላስተኙኝም። መነካቱ ይሰማኛል፣ ሕመም ግን የለም። ጥቂት ቆይቶ ልቅሶ ሰማሁ። የልጄ ልቅሶ ነበር። አድርቀው አምጥተው ጉንጬ ላይ አስጠጓት። መጀመሪያ የነካኋት እኔ ነኝ። ቃላቸውን ጠበቁ። "አልሃምዱሊላህ" አለች አስተርጓሚዋ፤ ከውጭ ደግሞ የእማማ እልልታ ተሰማ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ እማማ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ብለው ሳሙኝና እንደ አገራችን ልማድ ለሕፃኗ የምትላስ ቅቤ ከጨርቃቸው ፈቱ። አዋላጇ በትሕትና ከለከለቻቸው። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይሰጣት፣ ያ ወፍራም ቢጫ እንገር ለሕፃን እንደ ክትባት ነው፣ ቅቤም ውሃም አያስፈልጋትም አለች። እማማ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያውስ ቅቤው የእናትየዋ ገንፎ ላይ ይደረጋል" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ቁስሌን ይዤ ሳቅኩ። ገንፎውንም ሐኪሙ ብዪ ሲለኝ በላሁት።

መርፌው ከወለድኩ በኋላ ለ24 ሰዓት ቀጠለ። መንዘፍዘፉ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ነው። ወደ ቤት ከተመለስኩም በኋላ ግፊቴን ለመለካት እመላለስ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች "አይ የእሷ ነገር፣ ተቀድዳ ወለደች" እያሉ ያዝኑልኛል። እኔ ግን ጥሩ ወለድኩ እላለሁ። እንደ ዕቅዴ የሆነ ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን ጠየቁኝ፣ ነገሩኝ፣ ብቻዬን አልተዉኝም። ዕቅድ ያወጣሁት በሕይወት ለመገላገልና ልጄን ለማቀፍ አልነበረም እንዴ? ያ አልተለወጠም።

አሁን አደራ የምላችሁ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከጎድን በታች ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት የታየባት ምች ነው ብላ አትቀመጥ። ደም ከፈሰሳት፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሳት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባትም እንዲሁ። በዚያው ሰዓት ትሂድ።

ሁለተኛ፣ ግፊት ሳይታወቅ ሊጨምር ስለሚችል ደህና ነኝ ብላችሁ የክትትል ቀጠሮ አትዝለሉ።

ሦስተኛ፣ ዕቅድ ስታወጡ "ባይሆንስ?" የሚለውንም ጨምሩ። ማን አብሯችሁ ይሄዳል? ልጆቹን ማን ይይዛል? ራሽን ማን ይቀበልላችኋል? የማን ስልክ ባትሪና ካርድ አለው? ይህን መነጋገር ክፉ መጥራት አይደለም።

አራተኛ፣ እንደ እኔ በኦፕራሲዮን የወለደች የሚቀጥለውን ቤት ውስጥ አትውለድ። የማህፀኑ ጠባሳ በምጥ ጊዜ ሊቀደድ ይችላልና።

ወንድሞችም ስሙ። ባለቤቴ "እሷ የምትለው ይሁን፣ ሐኪሙ ያስረዳት" አለ እንጂ ለሽማግሌ ላማክር ብሎ ሰዓት አላባከነም። ደግሞም ሚስቱ ስትታመም ትልቁን ልጅ ጫማ የሚያደርግለት አባቱ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ፣ እማማ እዚሁ ከፊታችሁ ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ ምጥ የያዛት ሴት ስትጠራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ራስ ምታትና ስለ ዓይን ነው። ከዚያም ነጠላቸውን ለብሰው አብረዋት ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ማዋለድ አልተዉም፤ ቦታውን ነው የለወጡት።

ነፍሰ ጡሮች ሁላችሁ በሰላም ያገላግላችሁ።